ሌላ ሰው በጋራዡ የሠራውን አውሮፕላን ስለ መግዛት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በዳላስ ቴክሳስ ነዋሪ ነኝ። የግል አብራሪነት ፈቃድ ካገኘሁ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ እስካሁን የማበርረው ከክለብ የምከራየውን ሴስና 172 ነው። በቅርቡ አንድ ሰው አርቪ-6ኤ የተባለ፣ ከፋብሪካ ያልወጣና በግለሰብ የተሠራ ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን በ68,000 ዶላር ሊሸጥልኝ ፈቅዷል። አውሮፕላኑ ተሠርቶ ካለቀ 25 ዓመት ገደማ ሲሆን ሻጩ ሁለተኛው ባለቤት ነው። ቀለሙ አዲስ ነው፤ ሞተሩ ላይካሚንግ ኦ-320 ሆኖ ከአዲስነቱ ጀምሮ የሠራው 410 ሰዓት ብቻ ነው፤ ዓመታዊ ምርመራውም ከተደረገ ገና ሁለት ወሩ ነው። ይህ ሁሉ ከተሟላ ሌላ መካኒክ መቅጠር ያስፈልገኛል? ምን ምንስ ልመልከት? ከገዛሁት በኋላ ጥገናውን ራሴ መሥራት እችላለሁ? (ተ.፣ ከዳላስ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አዎ፣ የራስዎን መካኒክ መቅጠር ይኖርብዎታል። የሚቀጥሩትም ሰው ክፍያውን ከእርስዎ ብቻ የሚቀበል፣ በዚያ አውሮፕላን መዝገብ ላይ ፈርሞ የማያውቅ፣ የአርቪ አውሮፕላኖችን ግን ጠንቅቆ የሚያውቅ መሆን አለበት። ምክንያቱን ለማስረዳት ከለመዱት ሴስና ልነሣ።

ሴስና 172 ንድፉ በመንግሥት የጸደቀ፣ እያንዳንዱ ቡሎን በጸደቀው ንድፍ መሠረት የገባበት አውሮፕላን ስለሆነ አንዱን የሚያውቅ ሰው ሌላውንም በአብዛኛው ያውቃል። አርቪ-6ኤ ግን ሌላ ነገር ነው። ኦሪገን ውስጥ የሚገኘው ቫንስ ኤርክራፍት ንድፉንና ኪቱን፣ ማለትም የሚገጣጠሙትን ክፍሎች፣ ሸጧል እንጂ አውሮፕላኑን አልሠራም፤ በሕግ ፊት አምራቹ ጋራዡ ውስጥ ሪቬት (ቆርቆሮን ከቆርቆሮ የሚያያይዝ ሚስማር) ሲመታ የኖረው ሰው ነው፤ በመለያ ሰሌዳው ላይ የተቀረጸውም የእሱ ስም ነው። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤፍኤኤ፣ ለእንዲህ ያለው አውሮፕላን በሙከራ ምድብ ፈቃድ የሚሰጠው የሥራው አብላጫ ክፍል ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው በሠሩት ሰዎች እጅ መከናወኑ ሲረጋገጥ ነው። ሠሪው ንድፉን ሳያዛንፍ እንዲከተል የሚያስገድደው ደንብ ግን የለም። ሁለት ሸማኔዎች አንድ ዓይነት ጥለት አይተው የሠሩት ነጠላ እንደማይመሳሰል ሁሉ ሁለት አርቪ-6ኤዎችም አይመሳሰሉም። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ የሰፈረው የሞዴል ስም ስለ አውሮፕላኑ የሚነግርዎት ጥቂት ነው፤ መመርመር ያለበት የአንድ ሰው የእጅ ሥራ ነው።

ይህ ልዩነት የሰው ሕይወት ሊያስከፍል እንደሚችል ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ማስረጃ የዘፋኙ የጆን ዴንቨር አሟሟት ነው። ዴንቨር ከ2,000 ሰዓት በላይ የበረረ ልምድ ያለው አብራሪ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 1997 በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ ላይ የወደቀበት ሎንግ-ኢዜድ የተባለ አውሮፕላን ሌላ ሰው በግሉ የሠራው ሲሆን በእጁ የገባውም በዋዜማው ነበር። ንድፍ አውጪው በርት ሩታን የነዳጅ መምረጫውን ቫልቭ፣ ማለትም ነዳጁ ከየትኛው ጋን እንደሚመጣ የሚወስነውን፣ በአብራሪው ፊት፣ በእግሮቹ መካከል እንዲሆን አስቦት ሳለ ሠሪው ከግራ ትከሻ በስተኋላ አኖረው። እጀታውን በፒንሳ ለማስረዘም እንኳ ከበረራው በፊት ተሞክሮ አልበጀም። የብሔራዊ ትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ መርማሪዎች የደረሱበት ድምዳሜ ዴንቨር ወደኋላ ዞሮ እጀታውን ለማንቀሳቀስ ሲጥር ሳያስበው የቀኙን ፔዳል ረግጦ አውሮፕላኑን መቆጣጠር እንዳቃተው የሚያስረዳ ነው። ነዳጅ ሳይሞላ መነሣቱንና ለአዲሱ አውሮፕላን በቂ ልምምድ አለማድረጉንም መርማሪዎቹ ከመንስኤዎቹ ቆጥረዋቸዋል። ልብ ይበሉ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ የተሰበረ ዕቃ አልነበረም። መካኒክ «ይሠራል» ብሎ ሊፈርምበት የሚችል ቫልቭ ነበር።

ይኸው ቦርድ በ2012 ባወጣው ጥናት፣ በ2011 በአሜሪካ በግለሰብ በተሠሩ አውሮፕላኖች ላይ የደረሱትን 224 አደጋዎች መርምሮ ከግማሽ የሚበልጡት ባለቤቱ ራሱ ባልሠራው፣ ከሌላ ሰው በገዛው አውሮፕላን የደረሱ መሆናቸውን አግኝቷል። ከእነዚህም ውስጥ 14ቱ የደረሱት አዲሱ ባለቤት ባደረገው የመጀመሪያ በረራ ላይ ነው። እኔ ይህን ቁጥር ሻጭና ገዢ ተጨባብጠው ገዢው በዚያው ዕለት አውሮፕላኑን አስነሥቶ ወደ ቤቱ ሲበርር ሳይ ሁሉ አስታውሰዋለሁ።

አሁን ወደ እርስዎ አውሮፕላን እንምጣ። መጀመሪያ ሃንጋሩ (የአውሮፕላኑ ማቆሚያ ቤት) በር ላይ ቆመው ወረቀቱን ይጠይቁ፤ ቀለሙ ቆይቶ ይታያል። የበረራ ብቃት ምስክር ወረቀቱና የአሠራር ገደቦቹ የሚባለው ተያያዥ ሰነድ ሁለቱም አውሮፕላኑ ውስጥ መገኘት አለባቸው። የአሠራር ገደቦቹ ለዚያ አንድ አውሮፕላን ብቻ የተጻፉ የምስክር ወረቀቱ አካል ስለሆኑ ገጾቹ ከጠፉ አውሮፕላኑ በሕጋዊ መንገድ መብረር አይችልም፤ ምትክ ማስወጣትም የሻጩ ሥራ ይሁን እንጂ የእርስዎ አይሁን። በመለያ ሰሌዳው ላይ ያለው ስምና ተከታታይ ቁጥር ከምዝገባው ጋር አንድ መሆኑን ያመሳክሩ። የኤፍኤኤ የአውሮፕላን መዝገብ ቤት ኦክላሆማ ሲቲ ነው፤ የአውሮፕላኑን ሙሉ ፋይል ከዚያ አስመጥተው የባለቤትነት ሰንሰለቱ ያልተቆረጠ መሆኑንና በዕዳ የያዘው አበዳሪ አለመኖሩን ያረጋግጡ። ሠሪው ሸጦለት ሁለተኛው ባለቤት በስሙ ሳያዛውር የቆየ አውሮፕላን ብርቅ አይደለም።

ከመዝገቦቹ ሁሉ ብዙ የሚናገረው የመጀመሪያው የሙከራ ዘመን መዝገብ ነው። አዲስ የተሠራ አውሮፕላን መንገደኛ ሳይዝ፣ በተወሰነ አካባቢ ብቻ፣ ሞተሩና ፕሮፔለሩ አብረው የጸደቁ ከሆኑ 25 ሰዓት፣ ካልሆኑ 40 ሰዓት መፈተን ነበረበት። በመጨረሻም ሠሪው አውሮፕላኑ በሚበርርባቸው ፍጥነቶች ሁሉ ለቁጥጥር የሚመች መሆኑን መስክሮ፣ የስቶል ፍጥነቱን (ከዚያ በታች ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተውን)፣ ከሁሉ በላይ ቀጥ ብሎና ከሁሉ በላይ ፈጥኖ ወደ ላይ የሚወጣባቸውን ፍጥነቶችና የተፈተነበትን ክብደት በቁጥር ያሰፍራል። ያን ገጽ ፈልገው ያንብቡት። በየበረራው ምን እንደተለካ የተጻፈበት መዝገብ ካገኙ ሠሪው ጥንቁቅ ሰው ነበር ማለት ነው። በሦስት መስመር «ተፈተነ፣ ደህና ነው» የሚል ብቻ ካገኙ ግን ያ አውሮፕላን በሕጉ ይፈተን እንጂ በእውነት ስለ መፈተኑ እርግጠኛ ሊሆኑ አይችሉም። ሠሪው ሲሠራ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ካሉም ይጠይቁ፤ ዛሬ በቆርቆሮ ተሸፍኖ የማይታየውን የክንፍ ውስጥ የሚያሳዩዎት እነሱ ብቻ ናቸው።

ከሁለት ወር በፊት ተደረገ ያሉት ዓመታዊ ምርመራ የሚያረጋግጠው አውሮፕላኑ በዚያ ቀን «ለደህና በረራ በሚበቃ ሁኔታ ላይ» መገኘቱን ነው። ለገንዘብዎ የሚመጥን ስለ መሆኑ አይናገርም፤ የቀድሞው ምርመራ የሻጩ ወዳጅ የፈረመው ሊሆን ይችላል የሚለውን ጥርጣሬም አያስወግድም። ባለፉት አምስትና ስድስት ዓመታት የተጻፉትን ፊርማዎች ጎን ለጎን አድርገው ቢያነቧቸው በየዓመቱ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተጽፎ፣ አንድም የተገኘ ጉድለት፣ አንድም የተለወጠ ዕቃ ከሌለ እኔ እጠራጠራለሁ። 25 ዓመት የኖረ አውሮፕላን ጎማ፣ የፍሬን ሸራና የነዳጅ ቱቦ ይጨርሳል።

ስለ ሞተሩ ሰፋ አድርጌ ልጽፍ ነው፤ በደብዳቤዎ ውስጥ እንደ መልካም ዜና ያቀረቡት 410 ሰዓት ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነውና። 410ን ለ25 ዓመት ቢያካፍሉት በዓመት 16 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ላይካሚንግ ለኦ-320 ሞተር የሚመክረው የዕድሳት ጊዜ 2,000 ሰዓት ወይም 12 ዓመት፣ ቀድሞ የደረሰው ነው፤ በግል ለሚበርር ሰው ይህ ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ብዙዎችም አልፈውት ይበርራሉ። የተቀመጠ ሞተር ግን በውስጡ ይዝጋል። በላይካሚንግ ሞተሮች ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ያለው ከክራንክሻፍቱ (ፒስቶኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) በላይ ስለሆነ ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ወደታች ወርዶ ብረቱን ራቁቱን ይተወዋል፤ አየሩ እርጥበት ካለው ዝገቱ ጊዜ አይፈጅም። የዛገ ካም ሞተሩ ሲሠራ እየተላጠ ደቃቅ ብረት በዘይቱ ውስጥ ይረጫል፤ ጥገናውም ሞተሩን መግለጥ ስለሚጠይቅ ከባድ ወጪ ሊያስወጣ ይችላል። በሳምንት አንድ ጊዜ እየበረረ 1,200 ሰዓት የሠራ ሞተር እኔ ከዚህኛው አስበልጬ እወደዋለሁ።

ስለዚህ መካኒክዎ የዘይት ፊልትሮውን አውጥቶ፣ ቀዶ፣ ወረቀቱን ዘርግቶ በፀሐይ ብርሃን ይመልከተው፤ የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ በማግኔት ይሞክረው። ሞተሩ ሞቆ ሳለ የሲሊንደሮቹ የግፊት ፈተና ይደረግ። በዚህ ፈተና 80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አየር ገብቶ ሲሊንደሩ ምን ያህሉን እንደያዘ ይነበባል። በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 ከደረሰ አየሩ የሚያመልጥበትን ማድመጥ ነው፤ በጭስ ማውጫ ከሰሙት የጭስ ቫልቩ፣ በዘይት መሙያው ከሰሙት የፒስቶን ቀለበቶቹ ናቸው። ካንዴላዎቹ በወጡበት ቀዳዳ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ የሲሊንደሩን ግድግዳና የጭስ ቫልቩን ፊት ማየትም ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። በሞተሩ ክፍል ያሉትን የነዳጅና የዘይት ጎማ ቱቦዎች ዕድሜ ይጠይቁ፤ ቀን ከሌላቸው አሮጌ ናቸው ብለው ይቁጠሯቸው። ማፈላለግዎን ከቀጠሉና ከመኪና ሞተር የተለወጠ ሞተር ያለው አውሮፕላን ካጋጠመዎት፣ የማቀዝቀዣውንና የፍጥነት መቀነሻ ማርሹን አሠራር ከሠሪው አፍ ካልሰሙ በቀር ለመጀመሪያ አውሮፕላን አልመክርዎትም።

አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ለዓይን የሚሰወር ነገር እንደ እንጨትና ጨርቅ አውሮፕላን አይበዛበትም። ከሪቬቱ በስተኋላ በነፋሱ አቅጣጫ የሚዘረጋ ጥቁር ጭረት ካዩ ሪቬቱ ላልቶ ብረቱን እየፈተገው ነው። አዲስ ቀለም ይህን ምልክት ስለሚያጠፋ «ለምን አሁን ተቀባ?» ብለው ይጠይቁ። ቫንስ በ2014 በአርቪ-6፣ 7 እና 8 ቤተሰብ አውሮፕላኖች የአግድም ጭራው የፊት ስፓር (ጭራውን የሚሸከመው ምሰሶ) ላይ ስንጥቅ እንዲፈለግ ማሳሰቢያ አውጥቷል። በሙከራ ምድብ ላለ አውሮፕላን የኪት ሻጩ ማሳሰቢያ በሕግ ስለማያስገድድ ብዙዎች ሳይሠሩት አልፈውታል፤ በመዝገቡ ውስጥ ካልተጻፈ እንዳልተሠራ ይቁጠሩት። «ኤ» የሚለው ፊደል ደግሞ የአፍንጫ ጎማ አለው ማለት ነው፤ የዚህ ዓይነቶቹ አርቪዎች በለስላሳ ሜዳ ላይ የአፍንጫ እግራቸው ታጥፎ ተገልብጠው ያውቃሉ፤ ቫንስ በኋላ የአፍንጫውን ጎማ የሚይዘውን ሹካ አሻሽሏል። የተሻሻለው መግጠሙን ይዩ፤ ከሣር ሜዳ ለመብረር አስበው ከሆነም ሐሳብዎን እንደገና ይመርምሩ። ለኤሌክትሪክ መስመሩ ደግሞ ተኝተው ከዳሽቦርዱ ሥር ይመልከቱ። በካቻቢቴ ተዘግቶ የማይታየው ያ ቦታ የሠሪውን ጠባይ ከቀለሙ ይልቅ ይገልጣል።

ክብደቱን ብዙ ገዢ ይዘለዋል። ሠሪው አምራች ስለሆነ ከፍተኛውን የመነሻ ክብደት የሚወስነውም እሱ ነው፤ ቫንስ ለአርቪ-6ኤ የሚለው 1,650 ፓውንድ ሆኖ ሳለ 1,800 ብሎ የጻፈ ሰው ካጋጠመዎት ክንፉ በዚያ አልጠነከረም። ባዶ ክብደቱ 1,100 ፓውንድ ቢሆን እንዲህ ይቁጠሩ፤ ከ1,650 የሚተርፈው 550 ነው፤ 38 ጋሎን ነዳጅ ሲሞላ 228 ይወስዳል፤ ለሁለት ሰውና ለሻንጣ የሚቀረው 322 ፓውንድ ብቻ ነው። ባለቤትዎን አሳፍረው ሂዩስተን ድረስ ለመሄድ ካሰቡ ይህን ስሌት ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ይሥሩት። የክብደት ሰነዱም አውሮፕላኑ በሚዛን ላይ ቆሞ የተጻፈ መሆኑን፣ ቀለሙና መሣሪያዎቹ ከተለወጡ በኋላ መታደሱን ያረጋግጡ።

ጥገናውን በተመለከተ፣ አዎ፣ ራስዎ መሥራት ይችላሉ፤ በሙከራ ምድብ ዘይት ከመቀየር እስከ ሲሊንደር ማውጣት ድረስ ባለቤቱ እንዲሠራ ሕጉ ይፈቅዳል። ባለቤት በመሆንዎ ብቻ የማይችሉት ዓመታዊውን ምርመራ መፈረም ነው። ለዚያ አውሮፕላን የሚሰጠው የጥገና ባለሙያነት ወረቀት የሚገባው ለሠራው ሰው ብቻ ሲሆን ከአውሮፕላኑ ጋር አይሸጥም። እርስዎ ራስዎ የምርመራ ፈቃድ ከሌለዎት በየ12 ወሩ የኤርፍሬምና የፓወርፕላንት (የአካልና የሞተር) ፈቃድ ያለው መካኒክ መጥራት ይኖርብዎታል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት በአቅራቢያዎ ሌላ ሰው የሠራውን አውሮፕላን ለመፈረም ፈቃደኛ የሆነ መካኒክ መኖሩን ይጠይቁ፤ እንቢ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እንቢ በማለታቸውም አልፈርድባቸውም። ፕሮፔለር ወይም ሞተር ለመቀየር ካሰቡም የአሠራር ገደቦቹ ለኤፍኤኤ እንዲያሳውቁና እንደገና ሙከራ እንዲያደርጉ ሊያዝዙ ስለሚችሉ አስቀድመው ያንብቧቸው።

ሁሉም ደህና ሆኖ ከተገኘ፣ የመጀመሪያውን በረራ አርቪ በሚገባ የሚያውቅ አብራሪ ያድርገው፤ እርስዎ ደግሞ ከሴስና ወደዚህ የሚያሸጋግር ልምምድ በሌላ አርቪ ይውሰዱ። አርቪ-6ኤ ለእጅ ፈጣን ነው፤ ለማረፍ ሲቃረብም ሴስና የሚታገሠውን አይታገሥም። ኢንሹራንስዎም የልምምድ ሰዓት ሳይጠይቅ አይቀርም። ለሻጩ የሚሰጡት ቀብድ በጽሑፍ ይሁን፤ ምርመራው ጉድለት ካገኘ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ ይጻፍበት። ሻጩ ሞተሩ እንዳይከፈት ወይም ፊልትሮው እንዳይቀደድ ቢከለክል፣ በሌላ ዋጋ ሳይደራደሩ ይለፉት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሰባ በመቶው ያለቀ የአውሮፕላን ኪት ከአንድ ሰው ሊገዛ ነው። እኛ ብንጨርሰው የጥገና ባለሙያነት ወረቀቱን ማግኘት እንችላለን? (ወ/ሮ ሰ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እኅታችን፣ ይቻል ይሆናል፤ ቁልፉ ያለው ግን ከእናንተ በፊት በነበሩት ሰዎች ማስረጃ ላይ ነው። ሕጉ አብላጫው ሥራ በአማተሮች፣ ማለትም ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው በሚሠሩ ሰዎች፣ እንዲሠራ ይጠይቃል እንጂ በአንድ ሰው እጅ እንዲሠራ አይልም፤ ሦስት ሰዎች ተቀባብለው የጨረሱት አውሮፕላን ፈቃድ ያገኛል። የኤፍኤኤ መርማሪ ግን ያ ሰባ በመቶ በአማተር እንጂ ተከፍሎት በሠራ ባለሙያ አለመሠራቱን ማወቅ ይፈልጋል፤ ይህም የሚታየው በቀን የተጻፈ የሥራ ማስታወሻና በፎቶግራፍ ነው። ሻጩ እነዚህን ካላስረከበ ወረቀቱ ቀርቶ የበረራ ፈቃዱም ሊከለከል ይችላል። የጥገና ባለሙያነቱን ወረቀት በተመለከተ ደግሞ አመልካቹ ዋናው ሠሪ መሆኑንና ዓመታዊ ምርመራ የሚያስችል እውቀት እንዳለው ኤፍኤኤን ማሳመን አለበት፤ ሰላሳ በመቶ ብቻ የሠራ ሰው ይህን ለማሳመን ይቸገራል። ባለቤትዎ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በአካባቢያችሁ ያለውን የኤፍኤኤ ቢሮ በስልክ ይጠይቅ። የተዘጋውንም ክንፍ ሳይከፍት አይመን፤ የተመታ ሪቬት ጥራቱ የሚታየው ከውስጥ በኩል ነው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለውን አውሮፕላን አሜሪካ ገዝቼ ኢትዮጵያ ውስጥ ማብረር እችላለሁ? (መ.፣ ከአትላንታ ጆርጂያ)

መልስ፦ በአሜሪካው ወረቀት ብቻ አይችሉም። አገሮች አንዱ የሌላውን የበረራ ብቃት ምስክር የሚቀበሉት በ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት መሠረት ሲሆን፣ ስምምነቱ የሚሸፍነው ዓለም አቀፉን ዝቅተኛ መመዘኛ የሚያሟላ ምስክር ብቻ ነው። የሙከራ ምድብ ወረቀት ይህን ስለማያሟላ በየአንዳንዱ አገር ሰማይ ላይ ለመብረር የዚያን አገር ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። በኮንቴይነር ጭነው ቢወስዱትም ጥያቄው ያው ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚወስነው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ዓይነቱን፣ የሠሪውን ሰነድና የሚበርርበትን ቦታ ገልጠው በጽሑፍ ጠይቀው፣ በጽሑፍ መልስ ሳያገኙ አውሮፕላኑን አይግዙ፤ ከአሜሪካ መዝገብም አያሰርዙት፤ ከተሰረዘ የአሜሪካው ምስክር ወረቀት በዚያው ያበቃልና።